የምናለበት ጆሮ

ሆሳዕና ውስጥ ውሻ የሚቀጠረው በጆሮው ነው። ጥርስ ለወጉ ያህል ነው፤ ተነክሶ የተመለሰ ሌባ አላየሁም፣ ጩኸት ሰምቶ አጥር ለአጥር የተመለሰ ግን ሞልቷል። ጩኸቱን የሚወልደው ደግሞ ጆሮ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፤ የውሻው እስከ 45 ሺህ ይዘልቃል። እኛ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ስናጣጥም እሱ ጣሪያ ሥር የምትንጫጫዋን አይጥ፣ ከሦስት ግቢ ወዲያ ቀስ ተብሎ የተከፈተውን የብረት በር፣ እንሰት ሊበላ ጓሮ የገባውን ጃርት ለየብቻ መዝግቦ ያድራል። ደመወዙ ትርፍራፊ ነው። ጡረታ የለውም።

የሌሊቱን ስብሰባ የሰማ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ሄጦ በኩል አንዱ ይከፍታል፣ ቦቢቾ ይቀበላል፣ ሴች ዱና አስተያየት ይሰጣል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን የመጀመሪያው ተናጋሪ አጀንዳውን ረስቶታል፣ ስብሰባው ግን አይበተንም። ከተማችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባ በዛ ብለው የሚያማርሩ አሉ። ይኼኛው ከዚያ በፊትም ነበር፤ አበልም ተጠይቆበት አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጆሮ ቀጥረን ስንኖር ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ገለጥ አድርገን አናየውም። ጅራቱን እናያለን፣ አጥንት ሲቆረጥም ጥርሱን እናያለን፣ ሲታመም አፍንጫውን ነክተን «ደርቋል» እንላለን። ጆሮውን ግን እሱም አያሳየን፣ እኛም አንጠይቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት አበው ነገሩን ለሐሜት ብለው ነው ያወጡት ይባላል። እኔ ውሻ የነበራቸው ይመስለኛል።

አከራዬን ሰፈሩ የኤርሚያስ እናት ነው የሚላቸው፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ኤርሚያስ ደቡብ አፍሪካ ነው። ጆሃንስበርግ ዳር ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው፤ የሆሳዕና ግማሽ ወጣት እንዳለው ማለት ነው። በሚልከው ገንዘብ የጭቃው ቤት ፈርሶ ባለ አንድ ፎቅ ተነሣ፣ መስኮቱ መስታወት ሆነ፣ በሩ ላይ ሁለት የብረት አንበሶች ተበየዱ። ከአሮጌው ቤት የቀረ ቢኖር ውሻው ነው። ኤርሚያስ ከመሄዱ በፊት ቡችላውን ታቅፎ ወደዚያ የጭቃ ቤት ሲገባ ጎረቤት «ደግሞ ምን ሊጠብቅላችሁ ነው?» ቢለው «ምናለበት» ብሎ አለፈ። ስም ሆኖ ቀረ።

ምናለበት የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው ይባላል። የጀርመኑን ወገን ያየ የለም። ሆኖም ቀኝ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግራው ወድቆ ይንጠለጠላል፤ እማማ የቆመው የአባቱ፣ የወደቀው የእናቱ ነው ይላሉ።

ነገሩን መጀመሪያ ያየው አብረነው ከምንኖረው ከእኛ አንዱ አልነበረም። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተቀመጠው ኤርሚያስ ነው፣ በስልክ። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላል፤ እናቱን ካየ፣ አዲሱን የውሃ ታንከር ካየ በኋላ ውሻውን አምጡ ይላል።

«እማ፣ ጭንቅላቱን ለምንድነው የሚያራግፈው?»

«አንተን አይቶ ነዋ ልጄ! ሰላም እያለህ ነው።»

«በግራ በኩል ብቻ ነው እንዴ ሰላም የሚለው?»

እማማ ስልኩን ዘቅዝቀው ውሻውን አዩት። ምናለበት አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ፣ በኋላ እግሩ ጆሮው ሥር ቧጨረ፤ ቧጨረና እንደ መጮህ ብሎ አቆመ፤ ከዚያ ጉንጩን መሬት ላይ እየጎተተ ግቢውን ግማሽ ዞረ። እኛ እኮ ይህን ሳምንታት ሙሉ ስናየው «ዛሬ ደግሞ መጫወት አምሮታል» እያልን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ የሐኪሞች ቦርድ ተሰየመ። የመጀመሪያዋ ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አሉ፤ ቤቱ ሲያምር ዓይኑ ውሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛዋ ዝናብ ገብቶበት ነው አሉ፤ እሳቸው ግማሽ እውነት ነበራቸው። ጋራዥ የሚሠራው ተከራይ የተቃጠለ ዘይት በክዳን አንድ ጊዜ ጠብ ማድረግ ነው አለ፤ ለሞተር የጠቀመ ለጆሮ ምን ይሳነዋል። ነጭ ጋዝ ያሉ ነበሩ። ጤና አዳም ወቅጦ መጭመቅ ያሉ ነበሩ። አረቄ ያሉት ሽማግሌ ስንት መለኪያ ለውሻው፣ ስንት ለአካሚው እንደሆነ ሲጠየቁ መልሳቸውን አላብራሩም። በመጨረሻ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የቆየ አንድ ጎልማሳ ሲኒውን አስቀምጦ «እያበደ ነው። በጊዜ ገላግሉት» አለ፤ ጨዋታው ሁሉ ቀዘቀዘ።

ከዚህ ቦርድ አባላት መካከል የራሱን ጆሮ ሲያመው የተቃጠለ ዘይት የሚያስጨምር አንድም የለም። ጋዙም፣ አረቄውም የቆሰለ ቆዳ ላይ ሲያርፉ የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ያቃጥላሉ። ውሻው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ደግሞ ሁለተኛ ጆሮውን አያስነካም፤ ለእውነተኛው መድኃኒትም ጭምር።

የውሻን ጆሮ ከእኛ የሚለየው ነገር ከውጭ የሚታየው አይደለም። የእኛ ቀዳዳ አጭርና ወደ ውስጥ ቀጥ ያለ ነው። የእሱ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። የገባ ውሃ በቀላሉ አይወጣም። የገባ መዥገር ሰው አያየውም። በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ሰድጄ ላጽዳ ያለ ሰው ኩኩን እየጠቀጠቀ ወደ መታጠፊያው ይልከዋል እንጂ አያወጣውም። ድሮ እናቶቻችን ከማተባቸው ጋር ከብር የተሠራች የጆሮ ኩክ ማውጫ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ኩክ ማውጫን ጌጥ ያደረገ ሕዝብ ጆሮ ያውቃል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ያቺ ማውጫ ግን ለሰው ነው የተሠራችው፣ ውሻ ዘንድ ዝር እንዳትል።

ውሻ ጭንቅላቱን የሚያራግፈውም ለዚሁ ነው፤ እጅ የለው፣ የገባውን በዚያ መታጠፊያ መልሶ ለማስፈንጠር ያለው ዘዴ ይኸው ነው። አልፎ አልፎ ቢያራግፍ ምንም አይደለም፣ ከእንቅልፍ ሲነሣም ያራግፋል። ቀኑን ሙሉ ካራገፈ፣ አንዱን ጆሮ ብቻ ካከከ፣ ጆሮ ግንዱን ስትነካው ካለቀሰ ወይም ካጉረመረመ፣ ገልጠህ ስታየው ውስጡ ከቀላ፣ ከሸተተ፣ ፈሳሽ ካለው ግን ነገር አለ። አንዳንዱ እያራገፈ እያራገፈ የጆሮው ቅጠል ውስጥ ያለች የደም ሥር ትፈነዳለች፤ ጆሮው ደም ቋጥሮ ያብጣል። እዚህ ላይ ምላጭ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ካለ በሩን መዝጋት ነው። አንገቱ ዘምበል ብሎ ከቀረ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከዞረ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ከተርገበገበ ችግሩ ከታምቡሩ ወዲያ አልፏል፤ ያኔ ቡና እስኪፈላ እንኳ አይጠበቅም።

መንስኤው አንድ አይደለም፣ ለዚህ ነው ቡና ላይ የማይወሰነው። በሌላው ዓለም ሐኪሞች ጆሮ ያመመው ውሻ ሲመጣላቸው አስቀድመው የሚጠረጥሩት የቆዳ አለርጂን ነው፤ የጆሮ ውስጥም ወደ ውስጥ የገባ ቆዳ ነውና። የተንጠለጠለ ጆሮ አየር አያገኝም፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሻውን አያደርቀውም፤ በዚያ እርጥበትና ሙቀት እርሾ መሰል ፈንገስ ይፋፋል፣ ቡናማ ቅባት ያለው ኩክና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያመጣል። ሀዲያ የስንዴ አገር ነው፤ አጨዳ ሲደርስ ከስንዴውና ከገብሱ ዛላ ላይ ያለው ሹል ፀጉር ተሰብሮ ማሳ ለማሳ የሚሮጥ ውሻ ጆሮ ውስጥ ይሰካል፤ ሹል ስለሆነ ወደፊት እንጂ ወደኋላ መሄድ አያውቅም። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ከማሳ ሲመለስ ድንገት በአንድ ጆሮው አብዶ ከተገኘ ይህን መጠርጠር ነው። የሚናከስ ዝንብም አለ፤ ጫፍ ጫፉን እየበላ የቆመ ጆሮን ደም በደም ያደርጋል።

መዥገሩን ማንም ያውቀዋል። ሐዋሳ ላይ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የከተማዋን ውሾች ሲመረምር ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ መዥገር፣ ቁንጫ ወይም ቅማል አግኝቷል፤ ሆሳዕና ከሐዋሳ የተለየ ንጽሕና አላት የምንል ካለን እጃችንን እናውጣ። መዥገርን ወረንጦ ይዞ፣ ከቆዳው አስጠግቶ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በጥፍር መጨፍለቅ፣ ጋዝ ማርከፍከፍ፣ የሲጋራ እሳት ማስጠጋት የጀግንነት ሥራ ነው፣ ሕክምና አይደለም።

ስለ ጆሮ እከክ ተባይ ግን ካወራን አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ሮበርት ሎፔዝ ይባላል፣ የኒውዮርክ ግዛት የእንስሳት ሐኪም ነበር። ይህች ተባይ በዓይን ነጥብ ታክላለች፤ ከውሻ ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ውሻ ትተላለፋለች፣ ሰው ላይ ግን እምብዛም አትቀመጥም። ሎፔዝ ሰው ምን ይሰማው ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ። ሌላው ሰው ቢሆን አስቦ ይተወዋል። እሱ ከታመመች ድመት ጆሮ ተባዮቹን ከነኩኩ አወጣና የገዛ ጆሮው ውስጥ ጨመራቸው። ወዲያው ሲቧጭሩ፣ ሲንቀሳቀሱ ሰማቸው፤ በስሜት ብቻ አይደለም፣ በድምፅ። ማሳከኩ ተከተለ። ቀን ቀን ይሻለዋል፤ ማታ እሱ ሲጋደም እነሱ ይነሡና ታምቡሩ ድረስ እየዘለቁ ሲበሉ ያመሻሉ፣ እንቅልፍ ይነሡታል። ሳምንታት ቆይቶ ለቀቀው። ዳነ፣ ጆሮውን አጠበ፣ ከዚያም ውጤቱ የአጋጣሚ እንዳይሆን ብሎ ሌላ ተባይ አምጥቶ ደገመው። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ። በ1993 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ጻፈው፤ በማግሥቱ ዓመት ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ ለሚያስቅ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ «በጊዜ ገላግሉት» ይል ነበር።

ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ በሌሊት የሚያነበንብ ውሻን መርገም ትቻለሁ። ዘበኛው የአጥሩን ዳር ማዳመጥ ሲገባው ጆሮው ውስጥ የሰፈሩትን ተከራዮች ሲያዳምጥ ያድራል፤ ከእነሱ ድምፅ የተነሣ ሌባው ደጅ ደርሶ ቢያስነጥስም ላይሰማ ይችላል። ሲነጋ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ፣ የተቆጣ፣ እጅ ሲሰነዘርበት የሚነክስ ይሆናል። ነክሶ ሲገኝ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ያንን ቃል በቀልድ ላልፈው አልችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም እምብዛም አይተርፍም፤ ስለዚህ ጎልማሳው መፍራቱ ትክክል ነው፣ የቸኮለው ፍርዱ ላይ ነው። ጆሮው የታመመ ውሻ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጌታውን ያውቃል፣ ሕመሙ አንድ ቦታ ነው። ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ፣ ወይም የማታውቁት ውሻ ከሆነ እጃችሁን ሰብስባችሁ ለእንስሳት ሐኪም መናገር ነው። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ሥር ቀምሞ የሚሰጥ አዋቂ ጋ ጎራ ማለት አይደለም። ዓለም ይህን በሽታ የሚያስብበት ቀን ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው፣ የሀዲያና የከምባታ ውሻ ሁሉ አጥንት ጠግቦ ጥላ ሥር የተዘረጋበት ቀን። ለክትባት እንደዚያ ቀን የሚመች ቀን የለም፤ አንዱም አይሮጥም።

አንድ ቅሬታ ደግሞ አለኝ። ቡችላ ሳለ ጆሮውን በምላጭ የሚቆርጡት አሉ፣ ኃይለኛ ይሆናል ብለው። ለጆሮው የቀጠሩትን ጆሮውን ይቆርጡታል! ቅጠሉ ሲሄድ ቀዳዳው ለዝናቡም ለዝንቡም ተከፍቶ ይቀራል፤ ኃይል የሚሉት ነገር ደግሞ ሰው እጁን ባነሣ ቁጥር ምላጩን የሚያስታውስ ውሻ ፍርሃት ነው። ፍርሃትን ኃይል ብሎ መጥራት በውሻ አልተጀመረም፤ እሱን ሌላ ቀን።

ሰኞ ጠዋት ምናለበትን ይዘን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። እማማ፣ እኔና ገመድ የሚይዝ አንድ የሰፈር ልጅ። ባጃጁ መጀመሪያ ውሻ አልጭንም አለ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲሰማ ውሻ እንደሚወድ ተናገረ። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ላሞች፣ በሬዎች፣ ጀርባዋ የተላጠ አንዲት አህያ ተሰልፈዋል። ውሻ ይዞ የመጣ ከእኛ በቀር የለም። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት በሬያቸውን ደገፍ ብለው ምናለበትን ከእግር እስከ ጆሮ ቃኙትና፣

«ይኼ ያርሳል ወይስ ይታለባል?» አሉ።

«ይሰማል!» አሉ እማማ። ሰውየው ጥቂት አሰቡበትና መልሱ ልክ ሆኖ ሳያገኙት አልቀሩም፤ መንገድ ለቀቁልን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ካርድ ይዞ ወጣና «ውሻው ምን አለበት?» አለ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ እማማ።

«እኮ ምን አለበት?»

«እንዴት አወቅህ ልጄ? ኤርሚያስ ደውሎልህ ነው?»

ይህ ከተፈታ በኋላ ክትባት ወስዶ እንደሆነ ጠየቀ። እማማ «ኧረ ታሞም አያውቅ» አሉ፤ ሐኪሙ በካርዱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ አሰመረበት። ከዚያ የሚያመው ውሻ እናቱንም ይነክሳል ብሎ የአፍ ማሰሪያ ፈለገ፣ የከብት እንጂ የውሻ የለም። እማማ ሻሻቸውን ፈቱ። አፍንጫው ላይ አንድ ዙር፣ ከአገጩ ሥር አንድ ዙር፣ ከጆሮው ኋላ ቋጠሮ፤ ምናለበት የለቅሶ ቤት ሴት መስሎ ቆመ።

ሐኪሙ ደህናውን ጆሮ ነው መጀመሪያ ያየው፤ ከታመመው ከጀመርክ ሌላውን አያሳይህም አለ። ከዚያ የወደቀውን ጆሮ ወደ ላይ ገለበጠና አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። ሰልፉ ውስጥ «አሸተተው!» የሚል ድምፅ ሄደ። ሽታው ብቻውን ብዙ እንደሚነግረው አስረዳን፤ መግል ሌላ ይሸታል፣ ፈንገስ ሌላ። የእኛው ብዙም አልሸተተም። ውስጡ ያለው ግን ጀበና ሥር የሚቀር የቡና አተላ ነበር፣ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ፍርፍር። በጥጥ ትንሽ ነካ አደረገና ጥቁር ነገር ስጡኝ አለ። በእጃችን ያለው ጥቁር ነገር የእማማ ስልክ ነው፣ የጠፋ። አተላውን መስታወቱ ላይ አራገፈው፣ መብራት አስጠጋና ጠብቁ አለ። ጥቂት ቆይቶ ነጫጭ ነጥቦች ከፍርፋሪው ውስጥ ወጥተው መሄድ ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ አንዷ ካሜራው ጋ ደርሳ ዞረች። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሑድ እሑድ ኤርሚያስ በሚታይበት መስታወት ላይ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ስልኩ በአልኮል ሁለት ጊዜ ተወልውሎ ቢሰጣቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሯቸው ላይ አድርገው አያወሩም፤ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ ሰፈሩም የኤርሚያስን ጉዳይ አብሮ ይሰማል።

መድኃኒቱን ሰጠን፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ ግን ምክሩ ረዘመ። ተባይዋ ከእንቁላል ተነሥታ እስክታድግ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ ማሳከኩ ቆመ ብሎ በአራተኛው ቀን የሚያቋርጥ ሰው እንቁላሎቹን አሳድጎ መልሶ ያመጣቸዋል። ግቢው ውስጥ ያለ ድመት ካለ አብሮ መታከም አለበት። ለከብት የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ገዝቶ በግምት መውጋት፣ አንዳንዱን የውሻ ዘር እስከ መግደል ይደርሳል፤ መጠኑን በክብደቱ የሚያሰላው ሐኪም ነው። ከሰው ፋርማሲ የተገዛ የጆሮ ጠብታም እንደዚሁ። ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ ጄንታማይሲንን የመሰለው መድኃኒት ወደ ውስጥ ዘልቆ መስማቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ እማማ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያማ ለምኑ ይቀመጣል!» አሉ።

እጥበቱ ቤት ውስጥ ይቀጥላል ተባልን፣ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ሐኪሙ አይቶታልና። ፈሳሹ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሻውን ያዞረዋል፤ ስለዚህ እማማ ጠርሙሷን ብብታቸው ሥር አድርገው እስክትሞቅ ዜና ይሰማሉ። ከዚያ ምናለበት ሻሹን ያስራል። ጆሮው ወደ ላይ ይያዛል፣ ቀዳዳው እስኪሞላ ይፈስበታል፣ ከጆሮው ሥር ያለው ለስላሳ አጥንት በሁለት ጣት ጭቅ ጭቅ እስኪል ይታሻል። እዚህ ላይ ውሻው ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል፤ ሕመም አይደለም፣ ምቾት ነው፣ ይህን ማቃሰት ለመስማት የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከዚያ ለቀቅ አድርጎ መሸሽ ነው። ምናለበት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ይራገፋል፣ አተላውም የሸሸውንም ያልሸሸውንም እኩል ያዳርሳል። የቀረውን ጣት ላይ በተጠቀለለ ጎዝ መጥረግ ነው፣ ጣት እስከሚደርስበት ብቻ። ጋራዥ የሚሠራው ተከራይ ይህን ሥነ ሥርዓት ከዳር ሆኖ ያያል፤ «ዘይቱ ይሻል ነበር» ማለቱን አልተወም፣ አሁን ግን በቀስታ ነው የሚለው።

ምናለበት ማራገፉን ተወ። ሌሊት ከቦቢቾ ሲጠሩት መልስ መስጠት ጀመረ። እማማ ሒሳቡን ለኤርሚያስ አቀረቡ፦ መድኃኒት፣ ክትባት፣ ባጃጅ ሄዶ መመለስ፣ አንድ ሻሽ። ልጁ ሳይጨቃጨቅ ላከ፣ ጨመር አድርጎም ላከ። እንዲህ ያለ ወሬ ሆሳዕና ውስጥ ጆሮ አያጣም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ላይ ጆሮው ያልታመመ ውሻ ጠፋ። እሑድ ከሰዓት በየግቢው ስልክ ውሻ ላይ ተደቅኖ ይታያል፤ ጆበርግ፣ ደርባንና ኬፕታውን ያሉ ልጆች ሁሉ ስለ መዥገር ይማራሉ። እውነት የታመሙም አልጠፉም፣ ሐኪሙ ሥራ በዛብኝ ሲል ሰምቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ከማዶ ያለችው ጎረቤት መጣች። ልጇ ደርባን ነው፤ ግቢዋ ውስጥ ዶሮ እንጂ ውሻ ኖሮ አያውቅም። ቡናውን ጠጥታ፣ ስለ በቆሎው ዋጋ አውርታ፣ ልትሄድ ስትነሣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እማማ፣ ውሻውን ለአንድ ሰዓት ቢያውሱኝ?»

«ምነው፣ ሌባ መጣብሽ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም፤ ለቪዲዮ ነው።»

እማማ ምናለበትን አዩት፣ እሱም ጆሮውን ከፍ አደረገ፣ የአባቱን ጆሮ።

«ምናለበት» አሉ፤ ገመዱን ሰጧት። «ሻሹን ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልሺልኝ፣ ጠብታ አለው።»